የተጻፈልሽ ሰው

አዲሱ ላፕቶፕ ከካርቶኑ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ እሸቱን ንቆታል፤ ቢያንስ እሸቱ የሚያምነው እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ፊትህን አሳየኝ አለው፤ ካሜራው ላይ አፍጥጦ ቢቆምለት ማን እንደሆንክ አላውቅም አለ። ቀጥሎ ኢሜይል ጠየቀ፣ ከዚያ የይለፍ ቃል፤ የይለፍ ቃሉን ሲሰጠው ደግሞ ደካማ ነው ብሎ መለሰበት። እሸቱ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት አቡ ዳቢ ውስጥ የአውሮፕላን ጭነት ሰነድ ሲያዘጋጅ የኖረ፣ አለቆቹ እንኳ ደካማ ብለውት የማያውቁ ሰው ነው። በዚህ ዕድሜው በዕቃ ሲሰደብ ደሙ ፈላ።

አሮጌው እንዲህ አልነበረም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንነቱን ሳይጠይቀው ሲከፈትለት ኖሯል። እርግጥ ሲነሳ ያጓራል፤ እስኪከፈት ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል፤ የሚያንቀሳቅሰውንም ሲስተም የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከረሱት ቆይተዋል። እሸቱ ግን ከላፕቶፑ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም መዝገቡ ነው።

መዝገቡ የቤተ ክርስቲያን ነው። እሸቱ አል ሙሽሪፍ ሰፈር በሚያስቀድስባት ቤተ ክርስቲያን የምእመናን ጸሐፊ ሆኖ ያገለግላል። ከቅዳሴ በኋላ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ አዲስ የመጣ ሁሉ ተሰልፎ ይመዘገባል። አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ ከማዳም ፈቃድ አግኝተው በወር አንድ ጊዜ፣ አንዳንዶቹም በዓመት አንዴ የሚመጡ። የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ የተመዘገቡበት ዓመት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ክፉ ቢገጥም የሚደወልበት ቁጥር» የሚል ሣጥን አለ። የፓስፖርት ስም አይጽፍም። የብዙዎቹ የፓስፖርት ስም ደላላ ያወጣላቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሰውን ደላላ ባወጣለት ስም አታውቅም ብሎ እሸቱ ገና ድሮ ወስኗል፣ ሴቶቹም በዚህ ደስ ይላቸዋል። ሌላው ጠባዩ ባዶ ሣጥን አለመውደዱ ነው። ሣጥን ከተሠራ መሞላት አለበት ብሎ ያምናል፤ የጽሕፈት መኪና ዘመን ሰው ነው።

የሚጽፍበትን የአማርኛ ፕሮግራም የገዛው አዲስ አበባ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት በነበረበት ጊዜ ነው። ጣቶቹ ከእሱ ጋር አብረው አርጅተዋል፤ ቁልፉን ሳያይ፣ ከሰው ጋር እያወራ ይጽፋል። አል ሪም ደሴት ላይ ቢሮ የምትሠራው ልጁ ሊያ አሥር ዓመት ሙሉ «አባዬ፣ ይሄ ነገር አውትዴትድ ነው፣ ወደ አዲሱ ፊደል ኮንቨርት እናድርገው» ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። አንድ ጊዜማ ቄሱ መዝገቡን በወረቀት አትመህ አስቀምጥልን ቢሉት፣ ኮምፒውተር እያለ ወረቀት ምን ሊያደርግ ብሎ ተከራክሯቸዋል። በክርክሩ አሸነፈ። ያ ማሸነፉ አሁን እያስቆጨው ነው።

ምክንያቱም ባለፈው ሳምንት አሮጌው ላፕቶፕ ከውስጡ ይንቋቋ ጀመር። እሸቱ አዲስ ገዛና ሁለቱንም በሁለት ብብቱ ይዞ ጀፋር ዘንድ ሄደ። ጀፋር ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጣ፣ አል ካራማ ከሚገኘው የእሸቱ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። የእሸቱ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ሲስተሙንም፣ ፕሮግራሙንም፣ ፋይሉንም እንዳለ አንስተህ አዲሱ ውስጥ አስቀምጥልኝ፣ አንዳች ነገር እንዳትቀይር። ጀፋር አዲሱ ኮምፒውተር የድሮውን ሲስተም አይቀበልም አለ። እሸቱ ሞክር አለው። ቢሞክር ሰማያዊ ስክሪን ወጣ። ድገም አለው፤ ቢደግም ያው ሰማያዊ ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር የአሮጌው ዲስክ ሲጥ አለና ጸጥ አለ። ጀፋር ብልህ ሆኖ ከሁሉ በፊት ሰነዶቹን ለብቻ ገልብጦ ኖሮ እነሱን አዲሱ ላይ ጫነለት። የቀረው ሁሉ፣ ሲስተሙም የአማርኛ ፕሮግራሙም፣ ከነዲስኩ ሞተ። «ባባ፣ ኸላስ» ብሎ ጀፋር እጁን አራገፈ።

እሸቱ ቤቱ ገብቶ መዝገቡን ሲከፍት ከአማርኛ ዘር አንድ ፊደል የለም። በየስሙ ቦታ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና የመቶኛ ምልክት ተዝረክርኮ ተቀምጧል። ደህና የወጡት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። ዓመቱ ይነበባል፣ ስልክ ቁጥሩ ይነበባል፤ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ስሙን መንገድ ላይ ጥሎ ስልኩን ብቻ ይዞ አዲሱ ቤት ገብቷል። እሸቱ ለጀፋር ደውሎ ያላለው ነገር የለም። ጀፋር በልጆቹ ምሎ የሰጠኸኝን ነው የመለስኩልህ አለ። ይህ እውነት መሆኑ እሸቱን ይበልጥ አናደደው።

ይኸው ንዴት ሳይበርድለት ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ አበባ ከአል አይን ደወለች። አበባ አል አይን ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት ምግብ የምታበስል፣ ፈቃድ ባገኘች ቁጥር በአውቶቡስ እየመጣች የምታስቀድስ ሴት ናት። ጎረቤት ቤት የምትሠራው ጓደኛዋ ሀሊሜ ልቧ ታሞ ሆስፒታል ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነው አለችው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ተይዞላታል። ሐኪሞቹ ዝግጁ ናቸው፣ ማዳሟም ያለባትን አድርጋለች። እምቢ ያለችው በሽተኛዋ ራሷ ናት።

«አልፈርምም ነው የምትለው፣ ጋሼ» አለች አበባ። «ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ የተጻፈልኝ ሰው ሳይነገረው ማንም አይነካኝም ብላ ጸናች።»

እሸቱ ታዲያ ሰውዬው ማነው ብላችሁ አልጠየቃችኋትም ወይ አለ። ጠይቀዋታል። አላውቀውም፣ ግን አለ፣ ተጽፎልኛል ትላለች። ሰው የገዛ ዘመዱን እንዴት አያውቅም ብላ አበባ ብትቆጣት ፊቷን አዞረች። ነርሷ መድኃኒቱ አደናግሯት ይሆናል ብላለች። ስልኳን ቢከፍቱት ውስጡ ያለው የማዳሟና የአበባ ቁጥር ብቻ ነው። አበባ የምታውቀው ሀሊሜ የፓስፖርት ስሟ መሆኑን፣ የቤት ስሟ ሸዋረጋ መሆኑንና የተመዘገበችው በመጣችበት በ2009 መሆኑን ነው። ሐኪሙ ደግሞ የነገው ቀጠሮ ካለፈ ልቧ ሌላ ቀጠሮ አይጠብቅም ብሏል።

«መዝገቡ እርስዎ ዘንድ ነው አይደል?»

«እኔ ዘንድ ነው» አለ እሸቱ።

በ2009 የተመዘገቡት መቶ አርባ ናቸው። ስሙ ባይነበብም ቁጥሩ አለ፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እደውላለሁ ብሎ ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ አራት የአገር ቤት ስልኮች አይሠሩም። አምስተኛው ሰውዬ ከአረብ አገር ነው የምደውለው ሲባል አጭበርባሪ መስሎት ዘጋበት። ስድስተኛዋ እናት ናቸው። እሸቱ ገና ከአቡ ዳቢ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ ልጅዎ ሸዋረጋ ትባላለች ወይ ብሎ ሳይጨርስ «ልጄ ሞተች» ብለው ጮሁ። የእሳቸው ልጅ ሌላ ናት፣ ደህና ናት፤ ይህን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀበት፣ ሴትዮዋም ያመኑት አልመሰለውም። ስልኩን ሲዘጋ የቀሩትን መቶ ሠላሳ አራት ቤት እንደዚህ ማንኳኳት እንደማይችል ገባው። ይልቅ ለሊያ ደወለላት፤ አሥር ዓመት እምቢ ያላትን ነገር አሁን እባክሽ ብሎ ጠየቃት።

ሊያ ከቢሮ አስፈቅዳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። ነግሬህ ነበር አላለችም፤ ብትለው ይሻለው ነበር። ላፕቶፑን ስትከፍተው ራሴን እያደስኩ ነው፣ እንዳታጠፉኝ የሚል ጽሑፍ ወጣና ሃያ ሦስት በመቶ ላይ ቆመ። እሸቱ ከፊቱ ተቀምጦ ሃያ ሦስቱ ሃያ አራት እስኪሆን ጠበቀ። አል አይን ውስጥ አንዲት ሴት ልትሞት ነው፣ ይሄ ደግሞ ራሱን ያድሳል። ሲጨርስ ሊያ የጠፋውን ፊደል ከኢንተርኔት ትፈልግ ገባች። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። በስም የሚመስለው ሌላ ፊደል አግኝታ ስትጭነው መዝገቡ አማርኛ ሆነ፤ ግን ትኩሳት የያዘው ሰው የሚያወራው ዓይነት አማርኛ ነው፣ አንድም ስም የለበትም። እሸቱ ተስፋ አድርጎ ተነስቶ ነበርና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሊያ ያን አጠፋችና የድሮው ፕሮግራም ላይ «ሸ» የትኛው ቁልፍ ላይ ነበር ብላ ጠየቀችው። እሸቱ አሰበ። አላወቀውም። ሠላሳ ዓመት የጻፈበትን ፊደል ቁልፉ የት እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቁት ጣቶቼ ናቸው አላት እያፈረ።

«ዌይት» አለች ሊያ። «ፋይሉ እኮ አልተበላሸም፣ አባዬ።»

ቀስ ብላ አስረዳችው። የድሮው ፕሮግራም የሚያደርገው በእንግሊዝኛው ቁልፍ ላይ የአማርኛ ልብስ ማልበስ ብቻ ነበር። ልብሱ አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ቀረ። ከሥር ያለው ግን እሱ ራሱ የመታው ቁልፍ ነው፣ አንዱም አልጠፋም። እንግዲያው ዛሬም የሴትዮዋን ስም ድሮ እንደሚጽፈው ቢጽፈው የሚወጣው ዝባዝንኬ መዝገቡ ውስጥ ካለው ዝባዝንኬ ጋር አንድ ይሆናል። ያን ኮምፒውተሩ እንዲፈልግ ማዘዝ ነው።

እሸቱ ጣቶቹን አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አሳረፈ። ቁልፎቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ጠባብ ናቸው፣ ግማሾቹም ቦታቸውን ለቀዋል። ጻፈ፤ የለም አለ። ደግሞ ጻፈ፤ ሌላ ነገር ወጣ፤ እሱም የለም። ባሰበበት ቁጥር ጣቶቹ ይብስ ግራ ይገባቸዋል። ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ሊያ ተነስታ ከአሮጌው ጋር ሁልጊዜ የሚሰካውን ኪቦርድ ፍለጋ ገባች። ለመጣል ካወጡት ካርቶን ሥር አገኘችው፤ ሰፊ፣ የወየበ፣ ፊደሎቹ ተፍቀው ያለቁ። ሰካችለት። ከዚያም ወንበሩን ዞራ ከፊት ለፊቱ፣ ተመዝጋቢ የሚቆምበት በኩል ቆመች።

«እንደ እሑድ አድርገህ ጠይቀኝ» አለችው። «እጅህን አትመልከት።»

እሸቱ ዓይኑን ጨፈነ። «ስም?» አለ፤ ድምፁ የበረንዳው ድምፅ ሆነ።

«ሸዋረጋ።»

ጣቶቹ ሄዱ። ዓይኑን ሲገልጥ ስክሪኑ ላይ አንድ ቅንፍ፣ ሁለት ፊደል፣ አንድ ኮከብና ሌላም ዝባዝንኬ ተደርድሯል። ሊያ ኮምፒውተሩን ፈልግ አለችው። ሦስት ቦታ አገኘ። አንዷ በ2003፣ አንዷ በ2014 የተመዘገቡ ናቸው። መካከለኛዋ 2009 ትላለች።

እሸቱ ሳያስበው እንባው መጣ። በእንባው መሃል ያየው የቁጥሩን መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ዜሮ አምስት ይላል፤ የዚሁ አገር ስልክ ነው። ለካ እዚሁ ሰው አላት። ይህን ሁሉ ቀን አንድ አገር ውስጥ ተቀምጦ የማይጠይቃት ምን ዓይነት ዘመድ ነው እያለ ክፍሉን ይመላለስበት ጀመር። ሊያ አጠገቧ በነበረው በእሸቱ ስልክ፣ ቁጥሩን ከስክሪኑ ላይ እያየች ደወለች። ተይዟል። ደገመች፤ ተይዟል። ሦስተኛም ተይዟል። እሸቱ ተናደደ። ዘመዱ ሆስፒታል ተኝታ ሰውዬው ወሬውን ይሰልቃል። በአንቺ ስልክ ሞክሪ አላት።

ሊያ በራሷ ስልክ ደወለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው የእሸቱ ስልክ መጮህ ጀመረ።

«ቆይ፣ ለምን ለእኔ ትደውያለሽ?» አለ እሸቱ ተቆጥቶ።

«ለአንተ አልደወልኩም» አለች ሊያ፤ ከዚያ የስልኳን ፊት አየች። «አባዬ» ይላል።

እሸቱ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ብሎ ቁጥሩን አነበበው። የራሱ ነው።

ያኔ ትዝ አለው፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ፊቷንም አላስታወሰም። ረጅም ሰልፍ ነበር፣ ሙቀት ነበር። አንዲት ሴት መጨረሻው ሣጥን ላይ ስትደርስ የሚደወልለት ሰው የለኝም አለች። እናት፣ አባት፣ እህት፣ ጎረቤት ቢላት ማንም የለኝም አለች። ሣጥኑ ባዶ ሊቀር ነው። እሸቱ ለጊዜው ብሎ የራሱን ቁጥር መታበትና «አይዞሽ፣ ሰው ተጽፎልሻል» አላት፤ ማን እንደሆነም አልነገራትም፤ ቀጣይ ብሎ ተጣራ። እሷ ያን ይዛ ሄደች። ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ የማላውቀው ሰው ተጽፎልኛል ብላ ኖረች። እሱ ግን ማታውኑ ረስቶታል።

ሊያ ቁጥሩን ገልብጣ ኮምፒውተሩን መዝገቡን በሙሉ ፈልግ አለችው። ቁጥር ስለሆነ ለማግኘት አላስቸገረም። ሠላሳ ሰባት ቦታ አለ። እሸቱ ሠላሳ ሰባት ጊዜ አይዞሽ ብሎ ሠላሳ ሰባት ሣጥን ሞልቷል። በጀፋር የተናደደው፣ በላፕቶፑ የተናደደው፣ በማያውቀው ዘመድ የተናደደው ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ቤቱ፣ ወደ ራሱ ተመለሰ። ሊያን ሠላሳ ሰባቱን መስመር በወረቀት አትሚልኝ፣ ስማቸውን በኋላ ቁልፍ በቁልፍ እንፈታዋለን ብሏት የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

ወደ አል አይን የሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሰውን ከሐሳቡ አያስጥለውም። እሸቱ ምን እንደሚላት ሲያዘጋጅ ሄደ። ሰልፉ ረጅም ነበር ይላል። ባዶ ሣጥን አልወድም ይላል። የሐሳቡ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እያፈረ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያቆም ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ይሰማ ነበር።

አበባ ደረጃው ላይ ጠብቃው ወደ ክፍሉ አስገባችው። ሸዋረጋ አርባ የሚሆናት፣ ከአልጋው ጋር ስትተያይ በጣም ትንሽ የሆነች ሴት ናት። እሸቱን አየችውና ወዲያው ጸሐፊው መሆኑን አወቀች። እሱ አላወቃትም።

«የተጻፈልኝ ሰው ተገኘ?» አለች።

«ተገኝቷል።»

«ምን አለ?»

መንገድ ላይ ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋው። «እኔ ነኝ» አለ። «የጻፍኩት የራሴን ቁጥር ነው።»

አበባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሸዋረጋ ትራሷ ላይ ቀና ብላ አየችው። እሸቱ የምትስቅ ወይም የምትሰድበው መስሎት ነበር፤ ሁለቱንም ይችለው ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት» አለች። «አንድ ቀን እንኳ አልደወሉልኝም።»

ሲስተሙ አረጀ፣ ዲስኩ ሞተ፣ ፊደሉ ጠፋ የሚባል ነገር አይደለም። ዘጠኙን ዓመት ሙሉ ላፕቶፑ ደህና ነበር። አጥፍቻለሁ አላት። እሷም ይሁን አላለችም፣ አይሁንም አላለችም፤ ወደ አበባ ዞራ ወረቀቱን አምጪው አለችና ፈረመች። ፊርማዋ ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል የተጻፈ ሸዋረጋ የሚል ስም ነው።

ነርሷ ሌላ ቅጽ ለእሸቱ ሰጠችው። የበሽተኛዋ የቅርብ ሰው የሚሞላው ነው። ስሙን ጻፈ። ስልክ ቁጥሩን ጻፈ፤ በዚህ ጊዜ በእስክሪብቶ፣ አንዷንም ቁጥር እያየ። ከዚያ ዝምድና የሚል ሣጥን ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ወንድም ቢል ሐሰት ነው፣ ጸሐፊ ቢል ያሳፍራል። ቀና ብሎ ምን ልበል አላት።

«እሱን ይተዉት» አለች ሸዋረጋ ዓይኗን ጨፍና። «ነገ ስነቃ እዚህ ካሉ ይሞላል።»

እሸቱ ሣጥኑን ባዶ ተወው። ወረቀቱን ለነርሷ መለሰና ወንበር ወደ አልጋው አስጠግቶ ተቀመጠ።